አብዶኛው ልጅ ውጭ ወጥቶ ይጫወታል?

ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርደውን ቸርችል ጎዳና የኳስ ሰው በእግሩ ነው የሚያውቀው። አዲስ አበባ ስታዲየም ለዕድሳት ከመዘጋቱ በፊት የአራዳና የፒያሳ ደጋፊ በጨዋታ ቀን ሻርፑን አንገቱ ላይ ጥሎ በቴዎድሮስ አደባባይ፣ በፖስታ ቤት፣ በብሔራዊ ቴአትር በኩል እየዘፈነ ይወርድ ነበር። ማታ ሲመለስ ግን መንገዱ ዳገት ነው። ዳገት ላይ አይዘፈንም። ስለዚህ ይከራከራል።

ክርክሩ ዳኛው በከለከለው ፔናሊቲ ቢጀምርም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው አንድ ጥያቄ ላይ ነው። ያ ልጅ ውጭ ወጥቶ ይጫወታል ወይስ አይጫወትም?

«ያ ልጅ» ስሙና ማሊያው ይቀያየር እንጂ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ቀጭን ነው፣ አጠር ይላል፣ እንደ ጥይት ይሮጣል፣ መስመር ላይ ቆሞ በአንድ አብዶ ሁለት ተከላካይ መሬት ላይ ያስቀምጣል። ስለ መሀል ተከላካይ እንዲህ የሚጨቃጨቅ ደጋፊ የለም። ስለ በረኛም የለም። ግማሹ «ይሄ ልጅ አውሮፓ ነው ቦታው» ይላል፤ ግማሹ «ኧረ ተው፣ እዚያ በትከሻ አንዴ ሲገፉት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነው የሚያርፈው» ይላል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም እዚሁ አራዳ ከተመሠረተ ወዲህ ሰፈሩ ስንቱን አብዶኛ አይቶ እንዳመነና ስንቱን እንደሸኘ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። በ2016 ዓ.ም የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ነባር ሰው ወደ ሌላ ሰፈር ተበተነ፤ ክርክሩም አብሮ ሄደ እንጂ አልፈረሰም።

የሚገርመው አሜሪካኖችም በሌላ ኳስ ስለዚሁ ልጅ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ይናከሳሉ። ልዩነቱ እነሱ ሚሊዮን ዶላሮች አስይዘው መከራከራቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሙ እግር ኳስ ቢሆንም በአብዛኛው በእጅ በሚጫወቱት የአሜሪካ እግር ኳስ ውስጥ ኳርተርባክ የሚባል ተጫዋች አለ። የእኛን 10 ቁጥር፣ አምበልና የሜዳ ውስጥ አሰልጣኝ አንድ ሰው ላይ ጠቅልሎ ማሰብ ነው። ኳሱ ከእሱ ይነሳል፣ ለማን እንደሚወረወር የሚወስነው እሱ ነው። ይህን የሚወስነው ደግሞ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ሊደፉት እየመጡ፣ በሦስት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው። የድሮው ኳርተርባክ ረጅም፣ ክንደ ብርቱ፣ ከቆመበት የማይነቃነቅ ሰው ነበር። በኮሌጅ ሊግ ግን የሚወረውርለት ሲያጣ ኳሱን ራሱ ይዞ የሚፈተለክ ልጅ አለ። ኮሌጅ ላይ የሚይዘው አይገኝም። ፕሮፌሽናል ሊግ ላይ ተከላካዩም እንደሱ ፈጣን ሲሆንስ?

እዚህ ላይ የላማር ጃክሰንን ታሪክ ማንሳት ግድ ነው። ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2016 በኮሌጅ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃይስማን ዋንጫ ወሰደ። በ2018 ድራፍት ሲመጣ ግን መልማዮቹ ፊታቸውን አዞሩ። ቡድን በመምራት ስማቸው የገነነ አንጋፋ ባለሙያ፣ ቢል ፖሊያን፣ ልጁ ኳርተርባክነቱን ትቶ ኳስ ተቀባይ ቢሆን ይሻለዋል አሉ። በእኛ አነጋገር 10 ቁጥሩን «አንተ መስመር ላይ ሩጥ፣ ማሰቡን ለሌላ ተው» እንደማለት ነው። ጃክሰን እምቢ አለ። የተቀባይ ልምምድ አልሠራም አለ፣ በምልመላው ካምፕ የ40 ያርድ ሩጫም አልሮጥም አለ። ፍጥነቱን ካሳየማ ሯጭ ብቻ አድርገው ሊያስቀሩት ነው! አራት ኳርተርባኮች ቀድመውት ተመረጡ፤ እሱ 32ኛ ሆኖ ባልቲሞር ገባ። በሁለተኛ የውድድር ዘመኑ፣ በ2019፣ 36 የጎል ኳስ ወርውሮ፣ በእግሩ ደግሞ 1,206 ያርድ ሮጦ፣ ያለ አንድ ተቃውሞ ድምፅ የሊጉ ኮከብ ተባለ። በ2023ም ደገመው።

ታዲያ ሯጩ ልጅ ሁሌም ትክክል ነው ማለት ነው? አይደለም። ሐበሻው በሚበዛበት ዋሽንግተን የሆነውን የዚያ ከተማ ወገኖቻችን ያስታውሳሉ። ሮበርት ግሪፈን ሣልሳዊ በ2012 ሁለተኛ ሆኖ ተመረጠ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ፣ ጥር 2013 ላይ ጉልበቱ ተበጠሰ፤ ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ተመልሶ አልታየም። ፍሎሪዳ ላይ ተአምር የሠራው አንቶኒ ሪቻርድሰን በ2023 አራተኛ ሆኖ ሲመረጥ ኮሌጅ ላይ በቋሚነት የጀመረው 13 ጨዋታ ብቻ ነበር። በ2024 ከወረወራቸው ኳሶች ግማሹ እንኳ ከሰው እጅ አልገባም፤ በ2025 ቋሚ ቦታውን ተነጠቀ። ከሪቻርድሰን የፈጠነ ከሪቻርድሰን የጠነከረ ብዙም አልነበረም። ያነሰው ሌላ ነገር ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ።

በቅርብ ዓመታት በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ «ያ ልጅ» የተባለለት አቡበከር ናስር ነው። በ2013 የውድድር ዘመን በኢትዮጵያ ቡና ማሊያ 29 ጎል አገባ። ከዚያ በፊት ጌታነህ ከበደ በደደቢት የያዘው ክብረ ወሰን 25 ነበር። ዘመኑ ደግሞ ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሱፐርስፖርት በቀጥታ የተሰራጨበት ነው። ከዚያ በፊት ውጭ ያለ መልማይ የኢትዮጵያን ተጫዋች የሚያውቀው በብሔራዊ ቡድን ጨዋታ፣ ወይም ደላላው ይዞት በመጣው ሲዲ ነበር። በ2013 ግን ጆሃንስበርግ ሶፋው ላይ ተቀምጦ አቡኪን ማየት ቻለ። በ2014 ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አስፈረመው።

ፒያሳ ያን ሰሞን ሠርግ ነበር። ሰንዳውንስ ማለት እኮ የአፍሪካ ሻምፒዮን የነበረ፣ በየቦታው ሁለት ሁለት ብሔራዊ ተጫዋች የሚያስቀምጥ ክለብ ነው። ሆኖም አቡበከር እዚያ የሚጠበቀውን ያህል አልተጫወተም። ጉዳት ተከታተለው፣ የመሰለፍ ዕድሉ ጠበበ። ወዲያው የዳገቱ ክርክር ተነሳ። አንዱ ወገን «አላልኳችሁም? ሊጋችን ነው ያሳበጠው» አለ፤ ሌላው «ልጁ መቼ ጤና አግኝቶ ታየና» አለ።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። በእኛ ሊግ የመስመር አጥቂ ኳስ ሲቀበል ተከላካዩ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ብሎ ይጠብቀዋል። ኳሷን ተቆጣጥሮ፣ ቀና ብሎ፣ አስቦ፣ አብዶውን መርጦ ለመሄድ ጊዜ አለው። ደቡብ አፍሪካም ሆነ ግብፅ ላይ ኳሷና ተከላካዩ አብረው ነው የሚደርሱት። 29 ጎል ትልቅ ቁጥር ነው፤ ግን ከ29ኙ ስንቱ ሰው ተጠግቶት፣ ስንቱ ባዶ ሜዳ ላይ ገባ የሚለውን ሳይለዩ ቁጥሩን ብቻ ይዞ መገመት አይቻልም። አሜሪካኖቹ ከኮሌጅ በመጣ ልጅ ላይ መጀመሪያ የሚያጣሩት ይህንኑ ነው፤ ልጁ ያሸነፈው ማንን ነው?

በሌላ በኩል የፈጣን ልጅ ጉዳት ዕድል ብቻ አይደለም። አብዶኛ ይረገጣል። ሌላው አንድ ጊዜ ሲመታ እሱ አምስቴ ይመታል። ሯጭ ኳርተርባክም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ብልህ መልማይ አካሉን ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚለቅ ይመለከታል። ተከላካዩ ሳይደርስ ኳሷን ይለቃታል ወይስ እስኪረገጥ ያቆያታል? ጃክሰን ብዙ ሩጫ ሮጦ ቁም ነገር ላይ የደረሰው መቼ ከሜዳ መውጣት፣ መቼ መንሸራተት እንዳለበት ስለሚያውቅም ጭምር ነው።

ከእኛዎቹ ውጭ ሜዳ ላይ ረጅም ዕድሜ ካገኙት አንዱ ሽመልስ በቀለ ነው። የሐዋሳው ልጅ ፈጣን ከሚባሉት አይደለም፣ ግዙፍም አይደለም። ግብፅ ውስጥ ፔትሮጀትን ጨምሮ በተለያዩ ክለቦች ለበርካታ ዓመታት ተጫውቷል፤ ሰኔ 2014 ላይ ዋልያዎቹ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ሲረቱ ከዳዋ ሆቴሳ ጋር ጎል ያገባው እሱ ነው። የሽመልስን ጨዋታ ደግሞ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ኳስ ከመምጣቷ በፊት አንገቱ ይዞራል። ግራ፣ ቀኝ፣ ኋላ። ኳሷ ስትደርስ መልሱ ተዘጋጅቷል። ኖርዌጂያዊው ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት በትልልቅ ሊጎች አማካዮች ላይ ያጠናው ይህንኑ የአንገት ነገር ነው። ደጋግሞ የሚያይ ተጫዋች ኳስ የማቀበል ስኬቱ የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። ስታዲየም ውስጥ ለአንገት የሚጨበጭብ ደጋፊ የለም እንጂ!

ሳላዲን ሰኢድም ይነሳ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም አዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳን 2 ለ 0 ተሸንፋ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስታልፍ አንዷ የአዳነ ግርማ፣ አንዷ የሱ ነበረች። ያን ቀን ቸርችል ጎዳና ዳገትም ቁልቁለትም አልነበረውም። ሳላዲን የግብፁ ዋዲ ደግላ፣ የቤልጂየሙ ሊርስ፣ አል አህሊ፣ ኤምሲ አልጀር ተጫውቷል። ሊርስ የደረሰው ግን መልማይ ቢሾፍቱ ሜዳ ላይ አግኝቶት አይደለም። ዋዲ ደግላና ሊርስ የአንድ ባለቤት ክለቦች ስለነበሩ በሩ ከውስጥ ተከፈተለት። ችሎታ የግድ ነው፤ በሩን የሚያውቅ ሰው ግን ያስፈልጋል።

ሌላ ምሳሌ ደግሞ አለ፤ ለክርክሩ ጨው የሚሆን። በ2009 ክረምት የሩሲያ ፕሪሚየር ሊግ ክለብ፣ አንዚ ማካችካላ፣ ከኢትዮጵያ ሲያስፈርም የወሰደው አብዶኛ አልነበረም። ጋቶች ፓኖምን ነው። ረጅም፣ ጠንካራ፣ የተከላካይ አማካይ። ቁመቱና ጉልበቱ መልማዩን አላስፈራውም። ሆኖም ጋቶችም እዚያ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። እንግዲህ «ልጁ ትንሽ ስለሆነ ነው» የሚለው ወገን ለዚህ መልስ የለውም። ቋንቋ አለ፣ ብርድ አለ፣ የማታምንህ አሰልጣኝ አለች እንዳይባል ወንዶቹ ናቸው እንጂ፣ የማያምንህ አሰልጣኝ አለ።

አሰልጣኝ ከተነሳ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። ባልቲሞር ጃክሰንን ካገኘ በኋላ አጨዋወቱን በሙሉ በልጁ ዙሪያ ነው የቀየረው። የሚሮጥ ልጅ ገዝቶ ቆመህ ወርውር አላለውም። የእኛ ልጆች ግን ብዙ ጊዜ የሚሄዱት ቦታው አስቀድሞ ወደተሞላበት ቡድን ነው። የመስመር አጥቂው ወርዶ መስመር ተከላካይ እንዲያግዝ ይታዘዛል፣ በወገብ ላይ እንዲጋፋ ይፈለጋል፣ አብዶውን ሲሞክር ይቆጡታል። ወሩ ሳያልቅ ተቀይሮ የሚገባ፣ ዓመቱ ሳያልቅ በውሰት የሚላክ ይሆናል። ፍቅሩ ተፈራ ይህን የተረዳ ይመስላል፤ አንድ ቦታ ካልሆነለት ሌላ ቦታ ይሞክራል። ከደቡብ አፍሪካ ቼክ፣ ከዚያ ሕንድ ድረስ ዞረ። ጥቅምት 2007 ዓ.ም የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲከፈት በታሪክ የመጀመሪያዋን ጎል ያስቆጠረው ይህ የእኛ ሰው ነው፤ ተገለባብጦም ደስታውን ገለፀ።

በአሜሪካ ድራፍት ውስጥ ያለፈ የእኛ ልጅም አለ። ትውልዱ ኢትዮጵያ የሆነው ፉአድ ኢብራሂም ሚኒሶታ አድጎ እ.ኤ.አ. በ2007 በ15 ዓመቱ በኤምኤልኤስ ድራፍት ኤፍሲ ዳላስ መረጠው፤ በኋላ ቶሮንቶ ተጫወተ፤ በ2005ቱ አፍሪካ ዋንጫም ከዋልያዎቹ ጋር ነበር። በ15 ዓመት የተመረጠ ልጅ ላይ የሚጫነው ጫና ምን ያህል እንደሆነ ለማሰብ አማካሪ አያስፈልግም።

የመልማዮች ስህተት ወደ ሁለት በኩል ነው የሚሄደው። አንዳንዴ እግሩን አይተው ጭንቅላቱን ይረሳሉ፣ ሪቻርድሰን ላይ እንደሆነው። አንዳንዴ እግሩ ስለበዛባቸው ጭንቅላት ያለው አይመስላቸውም፣ ጃክሰን ላይ እንደሆነው። የፊላደልፊያው ጄለን ኸርትስ በጥር 2018 የኮሌጅ ፍፃሜ ላይ በዕረፍት ሰዓት ተቀይሮ ወጣ፤ «ይሮጣል እንጂ አይወረውርም» ተባለ። ኮሌጅ ቀየረ፣ መወርወር ላይ ሠራ፣ በ2020 ድራፍት 53ኛ ሆኖ ተመረጠ። የካቲት 2025 ላይ ሱፐር ቦውል በልቶ የፍፃሜው ኮከብ ተብሎ ወጣ። ለእሱ ሁለት ዓመት የሚጠብቅ ክለብ ነበረ።

ዛሬ የሰፈር ልጅ ሲዲ አያዘጋጅም፤ ጓደኛው በሞባይል ቀርፆ ይቆራርጥለታል፣ ከሥር ሙዚቃ ይገባበታል፣ ለደላላ ይላካል። ቪዲዮው ሦስት ደቂቃ ነው። አብዶ፣ አብዶ፣ ሩጫ፣ ጎል፣ አብዶ። ኳሷ ሌላ ሰው ጋ እያለች ልጁ የት እንደቆመ፣ ኳስ ሲነጠቅ ተመልሶ መሮጡን፣ ከመቀበሉ በፊት አንገቱን ማዞሩን የሚያሳይ አንድም ሰከንድ የለውም።