ቴድ ዊልያምስና የውድድሩ የመጨረሻ ቀን

ቤዝቦል በአሜሪካ አገር በሰፊው የሚዘወተር የኳስ ጨዋታ ነው። በጨዋታው ከአንደኛው ቡድን አንድ ወርዋሪ ኳሷን በኃይል ይወረውራል፤ የተጋጣሚው ቡድን መቺ ደግሞ የእንጨት ዱላ ይዞ ይጠብቃታል። መቺው ኳሷን መትቶ ሳይቀደም ወደ መጀመሪያው ማረፊያ በሩጫ ከደረሰ፣ አንድ ምት ይመዘገብለታል። ችሎታው የሚለካውም በደንቡ ከሚቆጠሩለት የመምቻ ዕድሎች መካከል ስንቱን እንደ ተጠቀመባቸው በማስላት ነው። ከ1000 ዕድል 300 ያህሉን የተጠቀመ መቺ ጎበዝ ይባላል፤ 400 የሚደርስ ግን እጅግ ብርቅ ነው።

ቴድ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1918 በካሊፎርኒያ፣ በሳን ዲዬጎ ከተማ ተወለደ። ከ1939 እስከ 1960 ቦስተን ሬድ ሶክስ ለተባለው ቡድን ተጫወተ። ስሙን ይበልጥ ያስጠራው ግን የ1941 ውድድር ነው። ውድድሩ ሊፈጸም አንድ ቀን ሲቀረው፣ በ448 ዕድል 179 ምት አስመዝግቦ ነበር። ይህም ሲሰላ ከ1000 ዕድል 399 ከግማሽ በጥቂቱ ይበልጣል። ቁጥሩ ሲመዘገብ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ስለሚጠጋጋ፣ 400 ሊባል ይችል ነበር።

የቡድኑ አሠልጣኝ ጆ ክሮኒን ይህን ተመልክቶ፣ ውጤቱ እንዳይቀንስበት ቢፈልግ ማረፍ እንደሚችል ነገረው። ዊልያምስ ግን መጫወትን መረጠ። ሴፕቴምበር 28 ቀን በፊላዴልፊያ ከተማ ሁለት ግጥሚያዎች በተከታታይ ተደረጉ። በመጀመሪያው ከ5 ዕድል 4፣ በሁለተኛው ከ3 ዕድል 2 ምት አገኘ። ስለዚህ በጠቅላላው 456 ዕድል 185 ምት በማስመዝገብ ውጤቱን ወደ 406 ከፍ አደረገ። ከዚያ ዓመት ወዲህ በአሜሪካን ሊግም ሆነ በናሽናል ሊግ 400 የደረሰ መቺ አልተገኘም።

ዊልያምስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በኮርያ ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ስላገለገለ፣ በርካታ የጨዋታ ዓመታት አምልጠውታል። እንዲያም ሆኖ ሆም ራን የሚባለውን ምት 521 ጊዜ መትቷል። ከነዚህም አንዱ በ1960 ባገኘው የመጨረሻ የመምቻ ዕድሉ የመታው ነው። በ2002 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

በዚያ ቀን አርፎ ቢውል ኖሮ፣ 400 የሚለው ቁጥር የስሌት ደንብ የለገሰው ስጦታ በሆነ ነበር። 406 ግን የራሱ የላቡ ዋጋ ነው።