የቱርፋን ሱሪ፣ የሱሉልታ ቁምጣ

የማለዳው ብርድ ሳይሰበር ከአዲሱ ገበያ ተነስተው፣ በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግረው ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚደርሱ ብስክሌተኞች አንድ የማይወራ ችግር ነበረባቸው። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ትንፋሽ ማጠሩን ሁሉም ያነሳዋል፤ የጉልበት መዛሉንም እንዲሁ። ብሽሽት መላጡን ግን ማን ደፍሮ ያወራል? ከብስክሌት ወርደው እግራቸውን ከፈት እያደረጉ ሲራመዱ የሚታዩት ግን በከንቱ አልነበረም።

ጥፋተኛው ቁምጣው ነበር። ጉልበቱ ላይ የተቆረጠ ጂንስ ተገልብጦ ሲታይ ነገሩ ፍንትው ይላል። የፊቱ ስፌት፣ የኋላው ስፌት፣ የሁለቱ እግሮች የውስጥ ስፌት፣ አራቱም አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። እየታጠፈ የተደራረበው ወፍራም ጨርቅ እዚያ ጋ እንደ ጠጠር ይቋጠራል። ቋጠሮው የሚያርፈው ደግሞ በኮርቻውና በአጥንቱ መካከል ነው።

የኳስ ቁምጣ ተሞከረ፤ ሽቅብ እየተጠቀለለ ጭንን ለኮርቻው አጋለጠ። ከልባሽ ጨርቅ ተራ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ተገዛ፤ ወገቡ ወረደ፣ ከኮርቻው ብድግ ሲሉም ትርፉ ጨርቅ በኮርቻው ጫፍ ተያዘ። ጠባቡም ሰፊውም አልሆነም። ታዲያ ልክ የሚባለው የቱ ነበር?

ጥያቄው የሱሉልታ ብቻ አልነበረም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ ከሯጮቿ ሌላ እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞችም አሰልፋ ነበር። በዚያ ዘመን የውድድር ቁምጣ ከሱፍ ይሠራ ነበር፤ መቀመጫው ላይ በውስጥ በኩል ስስ ቆዳ ይሰፋበታል። ቆዳው ታጥቦ ሲደርቅ ግትር ስለሚል ባለቤቱ ቅባት እየቀባ ሲያሸው ያመሻል። ሱፉ ደግሞ ዝናብ ሲመታው ይከብዳል፣ ይንዘላዘላል።

መላ የተገኘ የመሰለው ፈጽሞ ካልታሰበ ቦታ ነበር። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ዌይንስቦሮ ውስጥ ይሠራ የነበረው የዱፖንት ኬሚስት ጆሴፍ ሺቨርስ ስለ ብስክሌት የሚያስብ ሰው አልነበረም። የሚፈልገው በሴቶች የውስጥ ልብስ ላይ ላስቲክን የሚተካ ክር ነበር። ሙከራው አልሳካ ቢለው ሥራውን እርግፍ አድርጎ ተወው። ዓመታት ቆይቶ ሲመለስበት ግን ተስቦ ወደ ቦታው የሚመለስ፣ ሙቀትም የማይበግረው ክር እጁ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1958 ለፍሬ የበቃው ይህ ክር ላይክራ ተባለ፤ በ1970ዎቹም የሱፉን ቁምጣ ከውድድር ያስወጣው ጀመር።

ተወዳዳሪው ተገላገለ። ሱሉልታ ገበያ ለመድረስ፣ ሱቅ ለመግባት፣ መንገድ ላይ ለሽማግሌ ወርዶ ሰላምታ ለመስጠት ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ግን ገላ ላይ የተለጠፈ ልብስ አልሆነለትም። እሱ የሚሻው ሰው ፊት የማያሳፍር፣ ኮርቻ ላይም የማይቆረቁር ተራ ቁምጣ ነበር። የዚያ መልስ ደግሞ መቃብር ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ቦታው በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ ቱርፋን አጠገብ፣ ያንግሃይ ይባላል። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በተካሄደው ቁፋሮ ከ500 በላይ ጥንታዊ መቃብሮች ወጡ። ዕድሉ የአየሩ ድርቀት ነበር፤ እርጥብ አፈር ቢሆን ኖሮ ሱፍ ነገሩ ሁሉ በስብሶ አልቆ ነበር። ከሟቾቹ አንዱ 40 ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ነው። አብረውት ከተቀበሩት ዕቃዎች መካከል የፈረስ ልጓምና የጦር መጥረቢያ ነበሩ። ሰውዬው የለበሰው ልብስ ደግሞ ቆፋሪዎቹን አስደነቃቸው፤ ሱሪ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 የጀርመን አርኪዮሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች፣ እነ ማይከ ቫግነርና ኡልሪከ ቤክ፣ ከቻይና ባልደረቦቻቸው ጋር የጨርቁን ዕድሜ ይፋ አደረጉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛውና በ10ኛው ክፍለ ዘመን መካከል የተሠራ፣ እስከዚያ ድረስ ከታወቁት ሱሪዎች ሁሉ የሚቀድም ነበር።

ከዕድሜው ይልቅ ግን አሠራሩ ይበልጥ ያስገርም ነበር። ሱሪው ሦስት ቁራጭ ነው፤ ሁለቱ እግሮቹ፣ ሦስተኛው ከመሃል የገባ፣ በደረጃ በደረጃ እየሰፋ የሚሄድ ጨርቅ። ጋላቢው እግሩን ከፍቶ ፈረሱ ላይ ሲወጣ የመሃሉ ጨርቅ አብሮት ይከፈታል፤ ስፌቶቹም ከመቀመጫው ወደ ጭኖቹ ይርቃሉ። አራት ስፌት የሚቋጠርበት ነጥብ የሚባል ነገር የለውም። መቀስም አልነካውም፤ ሸማኔው እያንዳንዱን ቁራጭ በሰውዬው ልክ ሸምኖታል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ይህን ቢያይ የእጁን ሥራ የሚያደንቅለት ይመስለኛል።

ሆኖም ጨርቁ ገና ያልተናገረው ነገር ነበረው።

የቪየና የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የጥንት ጨርቅ ባለሙያ ካሪና ግሮመር ሽመናውን ስትመረምር ሰያፍ መስመሮች አየች። ማጉ ድሩን አንድ በአንድ መያዙን ትቶ እየዘለለ ሲያልፍ እንዲህ ያለ መስመር ይወጣል፤ ጨርቁም ከተራው ሽመና የበለጠ ይለጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት ሸማኔው በአንዱ ሱሪ ላይ ሽመናውን እየቀያየረ መሥራቱን አሳየ፤ መቀመጫው ላይ የሚለጠጠውን፣ ጉልበቱ ላይ ጥቅጥቅ ያለውን፣ ወገቡ ላይ የማይላላውን። ተመራማሪዎቹ ያንኑ የመሰለ ሱሪ አሸምነው አንድ ጋላቢ ያለ ኮርቻ አስጋለቡበት። ሰውዬው ፈረሱን በእግሩ ጭምቅ አድርጎ ይዞ ጋለበ።

ከሁሉ የሚደንቀው፣ ያ ጥናት ከመታተሙ ከ40 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ሌላ ሰው እዚያው ብልሃት ላይ መድረሱ ነው። ካሊፎርኒያዊው ቋጥኝ ወጪ ማይክ ግራሃም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግራሚቺ በሚል ስም ልብስ መስፋት ጀመረ። ገደል ሲወጡ እግር ካልተከፈተ አይሆንምና፣ በሱሪውና በቁምጣው መሃል ቁራጭ ጨርቅ አስገባበት። ልብሱ ሰፊ፣ ተራ፣ ከተማ ውስጥ የሚለበስ ነበር። አንዱ ለፈረስ፣ ሌላው ለቋጥኝ ሲል ሁለቱም ጨርቁን የጨመሩት እግሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

ዛሬም ፈረስ በሚጋለብበት የሱሉልታ ሜዳ ላይ ይህ ብልሃት ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አይጠይቅም። ጂንስም፣ አብዛኛው ካኪም፣ ያው በሰያፍ የተሸመነ ጨርቅ ነው። ልብስ ሰፊው የመሃሉን ስፌት ይፈታል፤ መዳፍ የምታክል ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ይቆርጣል፤ ሁለት ጫፏ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ሁለቱ ወደ ጭኖቹ እንዲያመለክቱ አድርጎ ይሰፋታል። ብስክሌት ላይ ጎንበስ ስለሚባል የወገቡ ኋላ ከፊቱ ከፍ ይላል። እግሩ ከጉልበት በላይ ይቀራል፤ ጉልበት እንደ ልብ እስኪነሳ ይሰፋል፣ ኮርቻው ጫፍ ላይ እስኪያዝ ግን አይንቦረቀቅም። ስፌቱም ተከፍቶ በካውያ ይደፈጠጣል።

ልኩ የሚታወቀው ቆሞ በመስታወት አይደለም። ስፌቱ ሳይጠብቅ ብስክሌቱ ደጅ ላይ ተይዞ ኮርቻው ላይ መቀመጥና አንዱን ፔዳል እስከ ላይ ማምጣት ነው። ጉልበት ሲነሳ ወገቡ ወደ ታች ከተጎተተ የመሃሏ ቁራጭ አንሳለች፤ ትፈታና ሰፋ ያለች ሌላ ትቆረጣለች።