የዋሽንግተን ተጫዋቾች የሚበስሉባት ከተማ

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት አለፍ ያለ መንገድ የነዳ ሰው ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሄርሺ የምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል። ሚልተን ሄርሺ የተባለው ባለሀብት ከመቶ ዓመት በፊት የቸኮሌት ፋብሪካውን የተከለባት፣ ለሠራተኞቹ ቤትና መናፈሻ፣ ለወላጅ አልባ ልጆችም ትምህርት ቤት የሠራባት ከተማ ናት። በዋናው ጎዳና ላይ የቆሙት የመንገድ መብራቶች እንኳ በፋብሪካው የታወቀች ቸኮሌት ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። ይህችው ከተማ ከ1938 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካን ሆኪ ሊግ የሚጫወት ሄርሺ ቤርስ የሚባል የበረዶ ሆኪ ቡድን አላት። በትልቁ በናሽናል ሆኪ ሊግ የሚጫወተው ዋሽንግተን ካፒታልስ ወጣቶቹን የሚያሳድገው እዚህ ነው።

ስለ ካፒታልስ የሰማ ሁሉ የአሌክስ ኦቬችኪንን ስም ያውቃል። ኤፕሪል 6 ቀን 2025 ላይ 895ኛ ጎሉን አስቆጥሮ የዌይን ግሬትስኪን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ሆኪ አይቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ሰምቷል። ኦቬችኪን ግን ለሄርሺ አንድ ጨዋታ እንኳ አልተጫወተም። በ2004 ከሁሉም ቀድሞ ተመርጦ፣ ከሞስኮ በቀጥታ ትልቁ ሊግ ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለ ሰው በየትውልዱ ጥቂት ነው። በ2018 ካፒታልስ በታሪኩ የመጀመሪያውን የስታንሊ ዋንጫ ሲያነሳ ከኦቬችኪን ጎን የቆሙት ግብ ጠባቂው ብሬደን ሆልትቢ፣ ተከላካዮቹ ጆን ካርልሰንና ዲሚትሪ ኦርሎቭ፣ አጥቂዎቹ ጄይ ቢግል፣ ያኩብ ቭራናና ቻንድለር ስቲቨንሰን ሁሉም በሄርሺ ያለፉ ናቸው። የአንድ ክለብ ብልሃት የሚለካው ኮከብ በመምረጡ ሳይሆን ኮከብ ያልሆነውን ልጅ እስኪደርስ ድረስ በመጠበቁ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገር። በበረዶው ላይ ከየወገኑ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ስድስት ሰው ይሰለፋል። ፓክ የምትባለውን ጠፍጣፋ የጎማ ክብ በዱላ እየመቱ ወደ ግብ ይወስዷታል። ሩጫው እጅግ አድካሚ ስለሆነ ተጫዋች አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ወጥቶ በሌላ ይተካል፤ ትንሽ አርፎ ደግሞ ይመለሳል። በመሆኑም አንድ ቡድን ለአንድ ጨዋታ ሁለት ግብ ጠባቂዎችና አሥራ ስምንት ሌሎች ተጫዋቾች ያሰልፋል።

የትልቁ ሊግ 32 ክለቦች በየዓመቱ በበጋ ወራት ወጣት ተጫዋቾችን ይመርጣሉ፤ ድራፍት የሚሉት ነው። በሰባት ዙር 224 ልጆች ይመረጣሉ፤ አብዛኞቹ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ናቸው። እያንዳንዱ ክለብ ደግሞ በዋናው ቡድን ውስጥ ከ23 ተጫዋች በላይ መያዝ አይፈቀድለትም። ሂሳቡን ማንም ሊያሰላው ይችላል፦ በመላው ሊግ ያለው ቦታ 736 ብቻ ሲሆን፣ በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ወጣት ይመረጣል። ከተመረጡት መካከል በዚያው ዓመት በትልቁ ሜዳ ላይ የሚቆሙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት ወደ ወጣቶች ሊግ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ወይም አውሮፓ ወዳለው ክለባቸው ይመለሳሉ፤ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ደግሞ ካፒታልስ የመረጣቸው የሄርሺ ጊዜያቸው ይጀምራል።

የአገራችን እግር ኳስ ወዳጅ ይህን ሲሰማ ተስፋ ቡድን ትዝ ይለው ይሆናል። ልዩነቱ ሰፊ ነው። አሜሪካን ሆኪ ሊግ በ1936 የተመሠረተ፣ 32 ቡድኖች ያሉት፣ እያንዳንዱም በዓመት 72 ጨዋታ የሚያደርግበት ራሱን የቻለ ሙያተኛ ሊግ ነው። ሄርሺ ቤርስም የካፒታልስ ንብረት አይደለም። ባለቤቱ የከተማዋን የመዝናኛ ስፍራና ሆቴሎች የሚያስተዳድረው ኩባንያ ሲሆን፣ ከካፒታልስ ጋር የሚያገናኘው ውል ነው። አሁን ያለው ውል ከ2005 ጀምሮ የቆየ ነው። ካፒታልስ ወጣቶቹንና አሠልጣኞቹን ይልካል፣ ደመወዛቸውንም ይከፍላል። ሄርሺ አዳራሹን፣ ተመልካቹንና በዕድሜ የበሰሉ ነባር ተጫዋቾችን ያቀርባል።

ነባሮቹ ግን ሜዳውን እንዳይሞሉት ሊጉ ሕግ አውጥቷል። ከአሥራ ስምንቱ ተሰላፊዎች አሥራ ሦስቱ በዕድገት ላይ ያሉ መሆን አለባቸው፤ ከእነዚህም አሥራ ሁለቱ ከ260 በላይ ሙያተኛ ጨዋታ ያልተጫወቱ፣ አንዱ ደግሞ ከ320 ያላለፈ። ለነባሮቹ የሚቀረው ቦታ አምስት ብቻ ነው። ይህ ሕግ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ ቡድን ለዋንጫ ሲል ሠላሳ ዓመት ያለፋቸውን ሰብስቦ ልጆቹን አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጣቸው ነበር።

ወጣቱ እዚያ ምን ይማራል? ከልጅነቱ ጀምሮ በየደረሰበት ቡድን አንደኛ የነበረ ልጅ ነው። ፓኳ ሁልጊዜ ለእሱ ትሰጥ ነበር፤ ስህተቱንም በፍጥነቱ ይሸፍነው ነበር። ሄርሺ ሲደርስ ከእሱ እኩል የሚፈጥኑ፣ በጉልበት የሚበልጡትና ለቤተሰባቸው እንጀራ የሚጫወቱ ሰዎች ያጋጥሙታል። ጎል ማግባትን ለብቻው የሚያስተምረው የለም። የሚማረው ፓኳ በእጁ በሌለችበት ጊዜ የት መቆም እንዳለበት፣ ከራሱ የሜዳ ክልል እንዴት በሰላም እንደሚወጣ፣ ምቱን በገላው ማገድን፣ መቼ መውጣትና መቀየር እንዳለበት ነው። የሄርሺ አሠልጣኞች ከዋሽንግተን ጋር የሚቀራረብ አጨዋወት ስለሚያስተምሩ፣ ልጁ ጠዋት ተጠርቶ ማታ በትልቁ ሊግ ቢሰለፍ ቦታውን አይስተውም። ጨዋታዎቹ በአብዛኛው አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ስለሚደረጉ የሳምንቱ አጋማሽ ለልምምድ፣ ለጂምና ቪዲዮ አይቶ ለመታረም ይተርፋል። ትልቁ ሊግ በየሁለት ቀኑ እየተጫወተ በአውሮፕላን ሲዞር ይህን ጊዜ አያገኝም።

ከሁሉም በላይ ግን ልጁ ይጫወታል። የሃያ ዓመት ልጅ ዋሽንግተን ቢቀመጥ ከመጨረሻዎቹ ተቀያሪዎች ጋር በጨዋታ ጥቂት ደቂቃ አግኝቶ፣ አንድ ከተሳሳተ ለሚቀጥለው ጨዋታ ከአሰላለፍ ሊወጣ ይችላል። ሄርሺ ውስጥ ያው ልጅ ጨዋታው አንድ እኩል ሆኖ አምስት ደቂቃ ሲቀር ሜዳ ላይ ነው። በእሱ ስህተት ጎል ቢገባባቸውም ነገ እንደገና ይሰለፋል። ወላጅ፣ ጋዜጠኛና ደጋፊ ልጁ ቶሎ እንዲያድግ ሲጮኹ ይህን ይዘነጉታል። ቸኩሎ የወጣ ተጫዋች ሲሰበር ለስብራቱ ኃላፊነት የሚወስድ አይገኝም።

የሆልትቢን መንገድ እንመልከት። በ2008 በድራፍቱ አራተኛ ዙር 93ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ከእሱ በፊት 92 ስሞች ተጠርተዋል። ሙያተኛ ሲሆን መጀመሪያ የወረደው ከሄርሺም በታች ባለው ኢሲኤችኤል በተባለው ሦስተኛ ሊግ፣ ሳውዝ ካሮላይና ስቲንግሬይስ ወደተባለው ቡድን ነበር። ከዚያ ወደ ሄርሺ ወጣ፣ ወደ ዋሽንግተን ለጥቂት ጨዋታ ተጠራ፣ ተመልሶ ወረደ፣ ደግሞ ተጠራ። ግብ ጠባቂ በአንድ ሜዳ አንድ ብቻ ስለሆነ የእሱ መጠበቅ ከሌሎቹ ይከብዳል። በ2012 የጸደይ ወራት ከእሱ በላይ የነበሩት ሁለት ግብ ጠባቂዎች ተጎዱና ሦስተኛው ሰው ሆልትቢ በስታንሊ ዋንጫ ማጣሪያ መጀመሪያ ዙር ከዋንጫው ባለቤት ከቦስተን ጋር ቆመ። ካፒታልስ በሰባት ጨዋታ አሸነፈ። ልጁ ያን ቀን ድንገት የተገኘ መስሎ ለታያቸው ብዙ ነበሩ፤ ከኋላው ግን ሦስት የሙያ ዓመታት ነበሩ። በ2016 የሊጉ ምርጥ ግብ ጠባቂ ተባለ። በ2018 ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ፣ ካፒታልስ 3 ለ 2 እየመራ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀር የቬጋሱ አሌክስ ታክ ባዶ ወደሚመስል ግብ የመታትን ፓክ በዱላው መለሰ። ያቺ ጎል ብትገባ ተከታታዩ ጨዋታ ወዴት ያመራ እንደነበር ማን ያውቃል?

ጄይ ቢግል ደግሞ በድራፍቱ ጨርሶ አልተመረጠም። ከአላስካ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ አይዳሆ ውስጥ በሦስተኛው ሊግ ጀመረና በ2007 የዚያን ሊግ የኬሊ ዋንጫ አገኘ። ሄርሺ መጥቶ በ2009 እና በ2010 የአሜሪካን ሆኪ ሊግን ዋንጫ፣ ካልደርን፣ አነሳ። በ2018 ስታንሊን ሲጨምር ሦስቱንም ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሥራው ጨዋታ ሲጀመር ፓኳን ከባላጋራ መንጠቅ፣ ቡድኑ በሰው ሲጎድል መከላከል ነበር፤ ስታዲየም የማያስጨበጭብ፣ አሠልጣኝ ግን የማይተካው ሥራ።

በተጫዋቹ ዕድል ላይ የሊጉ ሕግም ይገባበታል። የተወሰኑ ዓመታትና ጨዋታዎች ያሳለፈ ተጫዋች ወደ ታችኛው ሊግ ሊወርድ ሲል መጀመሪያ ለሌሎቹ ክለቦች ሁሉ ይቀርባል፤ የፈለገው ሊወስደው ይችላል። ተሰጥኦ በታችኛው ሊግ ታፍኖ እንዳይቀር የተሠራ ሕግ ነው። ኔተን ዎከር ይህን በራሱ አየው። ሲድኒ ያደገ ልጅ ነው፤ በረዶ በማይታወቅበት ከተማ ሆኪ ወድዶ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ወደ ቼክ ሪፐብሊክ ሄደ። በሄርሺ ዓመታትን ካሳለፈ በኋላ በኦክቶበር 2017 በትልቁ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው አውስትራሊያዊ ሆነ፤ በዚያው ጨዋታ ጎል አገባ። በዲሴምበር ኤድመንተን በዚሁ ሕግ ወሰደው፤ ወሩ ሳያልቅ ዋሽንግተን በዚያው ሕግ መልሶ ወሰደውና ሄርሺ ላከው። በሚቀጥለው ሜይ ፒትስበርግን ባሰናበቱበት ጨዋታ ተሰልፎ ለአንድ ጎል ኳስ አመቻችቶ አቀበለ፣ ፓክ ማለቴ ነው። በሞቃት አገር ለተወለድን ሁሉ የዎከር ታሪክ ልዩ ደስታ ይሰጣል።

ሥርዓቱ ሁልጊዜ አይሳካለትም። ሎገን ቶምፕሰን የተባለ ያልተመረጠ ካናዳዊ ግብ ጠባቂ በ2019-20 ለስቲንግሬይስ ተጫውቶ በኢሲኤችኤል ምርጥ ተባለ። ዋሽንግተን ውል ሳይሰጠው ቬጋስ ወሰደው። በ2024 ካፒታልስ ያንኑ ሰው ለመመለስ ሁለት የሦስተኛ ዙር ምርጫዎቹን ከፈለ። በእጅ የነበረን ሰው በዋጋ መግዛት ማለት ይህ ነው።

አሠልጣኞችም እዚሁ ያድጋሉ። ብሩስ ቡድሮ በ2006 ሄርሺን ለካልደር ዋንጫ አብቅቶ፣ በኖቬምበር 2007 የሊጉ ጅራት ላይ ወደነበረው ካፒታልስ ተጠራና በዚያው ወቅት የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ሆነ። የአሁኑ አሠልጣኝ ስፔንሰር ካርበሪም በስቲንግሬይስ ጀምሮ፣ ሄርሺን ከ2018 እስከ 2021 መርቶ፣ በ2025 ያንኑ ሽልማት አገኘ። በሦስቱም ሊጎች ምርጥ የተባለ አሠልጣኝ ነው። ዛሬ ዋሽንግተን ከሚሰለፉት አንዳንዶቹን ገና ሲንገዳገዱ የሚያውቃቸው ሰው ነው አዛዡ።

አንዳንድ ክለቦች የታችኛው ቡድን ቢሸነፍም ግድ የላቸውም፤ ልጆቹ ይማሩ እንጂ ይላሉ። ሄርሺ ይህን አይቀበልም፤ እኔም አልቀበልም። በ2023 እና በ2024 በተከታታይ ካልደርን አንስቶ ዋንጫዎቹን 13 አድርሷል፤ በሊጉ ከማንም በላይ ነው። በ2024ቱ ድል ውስጥ የነበረው ኢቫን ሚሮሽኒቼንኮ ከሁለት ዓመት በፊት የሊምፍ ካንሰር ተገኝቶበት ታክሞ የዳነ ልጅ ነው። እስከ ጁን ድረስ እያንዳንዱ ስህተት የሚያስከፍልበት ጨዋታ የሚጫወት የሃያ ዓመት ልጅ የሚያገኘውን ትምህርት በልምምድ ማግኘት አይቻልም።

ከሄርሺ ወደ ላይ የማይወጡት ይበዛሉ። በ2025-26 ወቅት የትልቁ ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ 775,000 ዶላር ሲሆን፣ ጀማሪ ወጣት ሄርሺ ውስጥ እያለ የሚከፈለው ከ100,000 በታች ነበር። ያ ልዩነት በአንድ የስልክ ጥሪ ላይ ይንጠለጠላል፤ ስልኩ ለብዙዎች አይጮኽም። ቢሆንም ከተማዋ እነሱንም ትወዳቸዋለች። በጃንዋሪ 2025 በአንድ ጨዋታ ላይ ቡድኑ የመጀመሪያውን ጎል ሲያገባ ተመልካቹ ለችግረኛ ልጆች የሚሰጡ 102,343 አሻንጉሊቶች ወደ በረዶው ወርውሯል።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአርሊንግተን፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ወገኖች ሆይ፣ ይህን ለማየት ውድ ቲኬት አያስፈልጋችሁም። ካፒታልስ የሚለማመደው አርሊንግተን ውስጥ ቦልስተን ካለው የገበያ ማዕከል የመኪና ማቆሚያ ጣሪያ ላይ ነው፤ ልምምዱም ብዙ ጊዜ ለሕዝብ በነጻ ክፍት ነው። በጁላይ አካባቢ አዲስ የተመረጡት ልጆች እዚያ ሲሰበሰቡ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰባተኛ ዙር ላይ የተመረጠውን ልጅ ለይታችሁ ስሙን ያዙለት።