የመርከብ ጭነት ቃላትና የእርዳታ እህል አረካከብ

ከባሕር ማዶ በእርዳታ የሚላክ እህል በየጣቢያው ለሚጠባበቀው ወገን ከመታደሉ በፊት በብዙ እጅ ያልፋል። ለጋሹ፣ የመርከቧ ባለቤት፣ የመድን ድርጅቱ፣ የወደቡ አስተዳደር፣ ትራንዚተሩና ባለካሚዮኑ ሁሉም የሚግባቡት በአንድ የንግድ ቋንቋ ነው። በ1977 ዓ.ም. እህሉ በአሰብ፣ በምጽዋና በጅቡቲ በኩል ይገባ በነበረበት ጊዜም ሆነ፣ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ዋናው በር ጅቡቲ ከሆነ በኋላ፣ ይህ ቋንቋ በመሠረቱ አልተለወጠም። የእርዳታ ሠራተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግብርና፣ ከጤና ወይም ከአስተዳደር ሥራ የመጣ በመሆኑ ከወደብ የሚደርሰውን መልእክት ሲያነብ ቃሉን በግምት ይተረጉመዋል። በግምት የተተረጎመው ቃል በመጨረሻ ከመጋዘን የሚጎድል እህል ይሆናል።

በመጀመሪያ ቀላል የሚመስለውን «ቶን» የሚለውን ቃል እንመልከት። በእኛ አገር ቶን ሲባል 1,000 ኪሎ ግራም ወይም 10 ኩንታል ነው፤ ይህም ሜትሪክ ቶን ይባላል። አሜሪካውያን በአገራቸው የሚሠሩበት አጭር ቶን ግን 907 ኪሎ ብቻ ሲሆን፣ የቀድሞው የእንግሊዝ ረጅም ቶን 1,016 ኪሎ ነው። ለምሳሌ ያህል 25,000 ቶን ስንዴ ተጭኗል የሚል መልእክት ቢደርስና ቶኑ አጭር ቶን ቢሆን፣ ትክክለኛው መጠን 22,680 ሜትሪክ ቶን ያህል ነው። ልዩነቱ 23,200 ኩንታል ይሆናል። ይህም በነፍስ ወከፍ በወር 15 ኪሎ ሲታደል ከ150,000 ለሚበልጥ ሕዝብ የአንድ ወር ቀለብ ነው። እንዲሁም «ዴድዌይት» ተብሎ የሚጻፈው የመርከቧ የመሸከም አቅም ነዳጁን፣ ውኃውንና ስንቁን ጭምር የሚያጠቃልል ስለሆነ እንደ እህሉ ክብደት ሊቆጠር አይገባውም።

ቀጥሎ የሚመጡት የዋጋና የኃላፊነት ቃላት ናቸው። እነዚህን ቃላት ፓሪስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት «ኢንኮተርምስ» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1936 ለመጀመሪያ ጊዜ አሳተመ፤ በየጊዜው እየታረሙ ቆይተው የ2020ው እትም 11 ቃላትን ይዟል። «ኤፍ ኦ ቢ» ማለት ሻጩ ወይም ለጋሹ እህሉን በመነሻው ወደብ በመርከብ ላይ እስኪጭን ድረስ ወጪውንም አደጋውንም ይችላል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የመርከብ ኪራይና መድን የተቀባዩ ነው። «ሲ ኤንድ ኤፍ»፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ «ሲ ኤፍ አር» የተባለው፣ የመርከቡን ኪራይ ይጨምራል። «ሲ አይ ኤፍ» ደግሞ ኪራዩንም መድኑንም ይጨምራል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ በመጨረሻው ቃል ላይ ነው። «ሲ አይ ኤፍ ጅቡቲ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ለጋሹ እህሉን እስከ ጅቡቲ በራሱ ኃላፊነት የሚያደርስ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ለጋሹ እስከ ጅቡቲ የሚከፍለው ወጪውን እንጂ አደጋውን አይደለም፤ አደጋው እህሉ በመነሻው ወደብ መርከብ ላይ በተጫነበት ጊዜ ወደ ተቀባዩ ተሻግሯል። ስለሆነም ስንዴው በጉዞ ላይ የባሕር ውኃ ገብቶበት ቢበላሽ፣ በእርዳታ ስምምነቱ ውስጥ ሌላ ቃል ከሌለ በስተቀር፣ ለመድን ድርጅቱ የካሣ ጥያቄ ማቅረብ ያለበት ተቀባዩ ነው። ለጋሹ ይጠይቅልናል ብሎ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ጊዜው ያልፍበታል። በተጨማሪም ቃሉ ወደቡ ላይ ያበቃል፤ ከወደቡ እስከ ኮምቦልቻ ወይም እስከ መቀሌ ያለውን የካሚዮን ኪራይ አያውቅም። በውሉ ላይ «ፍሪ አውት» የሚል ከተጨመረበት ከመርከቧ የማራገፉ ወጪ እንኳ በኪራዩ ውስጥ አልተካተተም። ለጋሹ እስከ ኮምቦልቻ መጋዘን በራሱ ኃላፊነት ለማድረስ ከተስማማ ቃሉ «ዲ ኤ ፒ ኮምቦልቻ» ተብሎ መጻፍ ይኖርበታል።

ከሁሉ ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው «መርከቧ ደርሳለች» የሚለው ዜና ነው። መርከቧ ደረሰች ሲባል ከወደቡ ውጭ መልሕቋን ጥላ ተራ ትጠብቅ ይሆናል። «በርዝ» የሚባለውን የመቆሚያ ቦታ ካገኘች በኋላም ማራገፍ፣ ጆንያ መሙላት፣ የጉምሩክ ሥርዓትና መንገድ ይቀራል። የማስታወቂያ ሠራተኞች የሆንነውም ከዚህ ስሕተት ንጹሕ አይደለንም፤ ዜናውን ለማፋጠን ስንል «እህሉ ገባ» እንላለን፤ ሕዝቡም ይህንን ሰምቶ ከየመንደሩ ወደ ማደያ ጣቢያው ይጓዛል። በመልእክቱ ላይ «ኢ ቲ ኤ» የሚል ካለ ትደርሳለች ተብሎ የተገመተው ቀን እንጂ የደረሰችበት ቀን አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል።

መርከቧ ስትደርስ ካፒቴኑ የዝግጁነት ማስታወቂያ ይሰጣል፤ በውሉ ላይ ከተወሰነው ሰዓት ጀምሮም «ሌይታይም» የተባለው የማራገፊያ ጊዜ ይቆጠራል። 24,000 ቶን ብትን ስንዴ የያዘች መርከብ በቀን 2,000 ቶን እንዲራገፍላት ውል ቢኖር የተፈቀደው 12 ቀን ነው። ጆንያ በማነሱ ወይም ካሚዮን በመጥፋቱ በቀን 1,500 ቶን ብቻ ቢራገፍ ሥራው 16 ቀን ይፈጃል። ለትርፎቹ 4 ቀናት የሚከፈለው ቅጣት «ዲመሬጅ» ይባላል፤ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። በውሉ ላይ እሑድና በዓል አይቆጠርም ተብሎ ቢጻፍ እንኳ፣ መርከቧ አንድ ጊዜ ዲመሬጅ ውስጥ ከገባች በኋላ ሌላ ቃል ከሌለ እሑዱም ጥምቀቱም ይቆጠራል። ከተወሰነው ጊዜ ቀድሞ ለጨረሰ የሚሰጠው ጉርሻ «ዲስፓች» ነው፤ ብዙውን ጊዜ የዲመሬጁ ግማሽ ነው። መድኃኒትና ብርድ ልብስ የሚመጣበት ኮንቴይነር ባዶው በጊዜው ካልተመለሰም «ዲቴንሽን» የሚባል የየዕለት ክፍያ አለበት።

በመጨረሻ «ቢል ኦፍ ሌዲንግ» የተባለው የጭነት ሰነድ አለ። ሰነዱ የመርከቧ ደረሰኝና የውሉ ማስረጃ ሲሆን፣ ዋናው ቅጂ ሳይቀርብ ዕቃው አይለቀቅም፤ በፖስታ የዘገየ ሰነድ እህሉን በወደብ ያስቀራል። ካፒቴኑ ጆንያው ተቀድዷል ወይም ርጥብ ነው ብሎ ካልጻፈበት ንጹሕ ሰነድ ይባላል። «ይዟል ተብሏል» የሚል ቃል ካለበት ግን ካፒቴኑ ውስጡን አላየሁም ማለቱ ነውና ጉድለት ሲገኝ ክርክሩ ይከብዳል። ስለዚህ ቆጣሪው በመርከቧ ጎን ቆሞ እየራገፈ ያለውን መቁጠር፣ የጎደለውንና የተቀደደውንም ከመርከቧ ሹም ጋር መፈራረም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1924 በብራስልስ በተፈረመው ስምምነት በሚገዙ ሰነዶች፣ በዓይን የሚታይ ጉዳት በርክክቡ ጊዜ፣ የማይታየው ደግሞ በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መገለጽ ይኖርበታል። ክስ ለማቅረብ የተፈቀደው ጊዜ ከርክክቡ ጀምሮ አንድ ዓመት ነው።