በቈላ አገር የአረጋውያን ጤና አጠባበቅ
(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር)

የዛሬው ንግግራችን በመተማና በዙሪያው ባለው የምዕራብ ጎንደር ቈላ ስለሚኖሩ አረጋውያን ጤንነት ነው። ከእናንተ መካከል በመሥሪያ ቤት ሥራ ምክንያት በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ተቀምጦ እናት አባቱ በገንዳ ውኃ ወይም በመተማ ዮሐንስ የቀሩበት፤ ወይም እርሱ ራሱ ወደዚያ ተዛውሮ ወላጆቹን ከደጋ ያስመጣ ሰው ይኖራል።

የጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ፥ የመተማ ከፍታ ግን 700 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህም በመጋቢት፥ በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ሊያልፍ ይችላል። ጎልማሳው ይህን ሙቀት ላብ በማላብና ውኃ በመጠጣት ይቋቋመዋል። በአረጋዊው ዘንድ ግን በሰውነቱ ውስጥ ያለው ውኃ ያንሳል፤ ላቡ ይቀንሳል፤ ኩላሊቱም ውኃን ቈጥቦ የማስቀረት ኀይሉ ይደክማል። ከሁሉም የሚከፋው የጥም ስሜቱ መደብዘዙ ነው። ሰውነቱ እየደረቀ ሳለ «አልጠማኝም» ቢል እውነቱን ነው። ስለሆነም ውኃ የሚቀርብለት ሲጠይቅ ብቻ ሳይሆን በሰዓት በሰዓቱ ነው። ሽንቱ ከጠቈረና ካነሰ ውኃ እንደጐደለው ይታወቃል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፥ ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኀኒትም የሚወስድ ሰው ግን የሚጠጣውን መጠን ከሐኪሙ ይጠይቅ። ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስም ከጥላ ባይወጣ መልካም ነው።

ትኩሳትም እንደ ጥም ሁሉ በእርጅና ይደበቃል። ወባ በመተማ ዋነኛ በሽታ ሲሆን፥ ይበልጥ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ወጣቱን ሲይዘው ያንቀጠቅጠዋል፤ ያተኵሰዋል። ሽማግሌውን ግን ያለ ብርቱ ትኩሳት ሊያደክመው፥ ምግብ ሊያስጠላው፥ ንግግሩንም ሊያዘባርቅበት ይችላል። ከደጋ የመጣ ሰው ወባን ስላልለመደ አደጋው ይብስበታል፤ በአጎበር ውስጥ ይተኛ።

የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛርም በዚሁ ቈላ ይገኛል። ምልክቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የቈየ ትኩሳት፥ ክሳትና የጣፊያ ማበጥ ነው። በወባ መድኀኒት አይድንም፤ ካልታከመም ይገድላል። ለዚህ በሽታ የሚሰጠው የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት መርፌ በዕድሜ የገፋን ሰው አብዝቶ ስለሚጎዳ፥ ሐኪሙ ሌላ መድኀኒት እንዲመርጥ የበሽተኛው ዕድሜ በትክክል ይነገረው። የልደት ዘመኑ ያልተጻፈ እንደሆነ፥ በልጅነቱ ከሆነው ከታወቀ ነገር ተነሥቶ መገመት ይቻላል።

ክቡራን አድማጮች፤ ትናንት አእምሮው የተስተካከለ አባት ዛሬ የልጁን ስም ቢያጣ፥ ወይም ቆማ ትሄድ የነበረች እናት ከመኝታዋ መነሣት ቢያቅታት፥ «እርጅና ነው» ብሎ መተው ትልቅ ስሕተት ነው። እርጅና በዓመታት ይመጣል እንጂ በአንድ ሌሊት አይደርስም። በድንገት የመጣ ለውጥ በሽታ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ሰውነቱ እንደ እሳት የሚፋጅ ከሆነም እስኪደርስ ድረስ በእርጥብ ጨርቅ ያቀዝቅዙት።

በሩቅ ያላችሁም ስልክ ስትደውሉ «ደኅና ናችሁ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትዝጉ። ስንት ብርጭቆ ውኃ እንደጠጡ፥ ምን እንደበሉ፥ ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ ጠይቁ፤ አብሮ የሚኖረውንም ሰው አነጋግሩ። ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ ነውና።