እርከን ሠሪውና የቤቱ ማዕድ

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሥራና ስለ ምግብ ነው።

የሥራ ቦታ ሲባል ብዙዎቻችን ወንበርና ጠረጴዛ እናስባለን። ነገር ግን እርከን የሚሠራበት ተራራም የሥራ ቦታ ነው። እዚያ ለሚሠራ ሰውም ስለ ምግብ ትምህርት ይሰጣል።

እንዴት? በ1997 ዓ.ም. በአገራችን የልማት ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። በታቀፉት ወረዳዎች ምግብ የሚያጥረው ቤተሰብ እርከን ይሠራል፤ ችግኝ ይተክላል፤ መንገድ ይሠራል። ለድካሙም እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል።

ይሁን እንጂ እህል ብቻውን አይበቃም። ጎተራ ውስጥ ስንዴ እያለ ሕፃን ሊቀጭጭ ይችላል። ሆዱ ሞላ እንጂ ሰውነቱ የሚገነባበትን አላገኘም። ከፅንስ እስከ 2 ዓመት ድረስ የቀረበትን በኋላ መመለስ ከባድ ነው።

ስለዚህ በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ፣ አራተኛው ምዕራፍ ሲጀመር፣ ሁለት ነገር በደንቡ ገባ።

አንደኛ፤ በምግብ ትምህርት ላይ የተገኘ ሰው ጊዜው እንደ ሥራ ይቆጠርለታል። ይህ ለሴት ብቻ አይደለም። እንቁላሉን ገበያ የሚያወጣ፣ ገንዘቡን የሚይዝ አባወራም መማር አለበት።

ሁለተኛ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ድንጋይ መሸከም ትተዋለች። እርግዝናዋ በጤና ባለሙያ ሲረጋገጥ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች። ከወለደች በኋላም ሕፃኑ ቢያንስ 1 ዓመት እስኪሞላው ሥራ አትወጣም። ክፍያዋ ግን አይቋረጥም። ይህን ያላወቀች እናት ድንጋይ እንደተሸከመች ትከርማለች።

ትምህርቱስ ምን ይላል? አስቸጋሪ አይደለም።

ነፍሰ ጡር ከወትሮው በቀን 1 ጊዜ ጨምራ ትብላ። የምታጠባ 2 ጊዜ ትጨምር።

ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ውሃም አያስፈልገው። ከ6 ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ገንፎ ይጀምር። ለገንፎው 3 እጅ ገብስ ወይም ስንዴ፣ 1 እጅ ባቄላ ወይም ሽምብራ ቆልታችሁ አስፈጩ። የደቀቀ ጎመን፣ እንቁላል፣ ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ጨምሩበት።

እንቁላሉን በሙሉ ለገበያ አታውጡት። ለልጁ አስቀሩለት።

ለወጥ አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ። አዮዲን እንቅርትን ይከላከላል። ጨውን በክዳን ያዙ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ።

ወገኖቼ፤ አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ከሆናችሁ ካርዳችሁን አውጡና አንብቡት። ስማችሁ በትክክል ተጽፏል? የቤተሰባችሁ ቁጥር ልክ ነው? ካልገባችሁ የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ። ደንቡ በየምዕራፉ ይሻሻላልና የዘንድሮውን አጣሩ።

ጎረቤታችሁ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ማንበብም ካልቻለች፣ ይህን ጽሑፍ አንብቡላት።

ደህና ሁኑ።