ሥራ ገንዘብ ይሰጣል እንጂ አይጠይቅም



የቡና ለቀማ ወራት ካለፈ በኋላ በይርጋ ጨፌ አካባቢ በምትገኘው በዱመርሶ የቀን ሥራ ይቀዘቅዛል። ቀይ ቡና ወደ ማጠቢያው በሚገባበት ጊዜ ሲለቅም፣ ሲሸከምና ሲያሰጣ የነበረው ወጣት እስከሚቀጥለው ምርት ድረስ ሌላ ነገር መፈለግ ግድ ይሆንበታል። የጌዴኦ ምድር ለም ነው፤ ነገር ግን ሕዝቡ ብዙ በመሆኑ ከአባት ለልጅ የሚተርፈው የእንሰትና የቡና ማሳ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጠበበ ሄዷል። ስለዚህም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰው ልጅም ሆነ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ወደ ቤቷ የተመለሰችው ልጅ ሥራ የሚፈልጉት በእጃቸው በያዙት ስልክ ሆኗል።

ይህ በራሱ መልካም ነገር ነው። አንድ ማስታወቂያ ለማንበብ ብሎ እስከ ዲላ ወይም እስከ ሐዋሳ መሳፈር ቀርቷል። ይሁን እንጂ እውነተኛው ማስታወቂያ በሚመጣበት በዚያው በቴሌግራምና በፌስቡክ ሐሰተኛውም ይመጣል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይቻል ዘንድ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ማታለሉ እንዴት ይከናወናል?

አታላዩ ከሁሉ አስቀድሞ የታወቀ ስም ይዋሳል። የባንክ፣ የአየር መንገድ፣ የተባበሩት መንግሥታት፣ ወይም እንደ እኛ ያለ የርዳታ ድርጅት ስምና አርማ ይለጥፋል። ደመወዙ ከተለመደው እጅግ ይበልጣል፤ የሚፈለገው ትምህርትና ልምድ ግን ጥቂት ነው። አመልካቹ በጻፈ በጥቂት ሰዓት ውስጥ «አልፈሃል» የሚል መልስ ይደርሰዋል። ፈተና የለም፤ ፊት ለፊት የሚያነጋግረውም ሰው የለም። ከዚያም ለምዝገባ፣ ለሥልጠና ወይም ለደንብ ልብስ የሚሆን ገንዘብ በቴሌብር ወይም በባንክ እንዲልክ ይነገረዋል። ሒሳቡ በድርጅቱ ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም የተከፈተ ነው። «ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልከፈልህ ዕድሉ ለሌላ ይሰጣል» ይባላል። ይህ ጥድፊያ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ሰው ጊዜ ካገኘ ሌላ ሰው ያማክራልና።

የመጀመሪያው ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። እርሱ ሲከፈል ሁለተኛው ይከተላል። ወጣቱም አስቀድሞ የከፈለው እንዳይቀርበት ሲል ይጨምራል፤ ወጥመዱም የሚጠብቀው በዚህ ነው። ሌላው ዓይነት ደግሞ «ቪዲዮ እየተመለከታችሁ ገንዘብ አግኙ» የሚለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ብር በእርግጥ ይከፍላል። እምነት ካተረፈ በኋላ «ደረጃህን ለማሳደግ» ብሎ ገንዘብ ያስገባል፤ ብዙ ሲገባለትም በሩን ዘግቶ ይጠፋል።

ጉዳቱ ከገንዘብ ሲያልፍ

ሐሰተኛ ማስታወቂያ ኪስ አራቁቶ ብቻ የማይተውበት ጊዜ አለ። በታይላንድ ጥሩ ደመወዝ ያለው የኮምፒውተር ሥራ እንዳለ በኢንተርኔት ተነግሯቸው ከአገር የወጡ አያሌ ኢትዮጵያውያን አሉ። ባንኮክ ከደረሱ በኋላ በመኪና ወደ ድንበር ተወስደው፣ ወንዝ ተሻግረው ምያንማር ውስጥ በታጠሩ ግቢዎች ተዘጉባቸው። በዚያም በስልክና በኮምፒውተር ሌሎችን ሰዎች እንዲያታልሉ ተገደዱ፤ እምቢ ያለ ይደበደባል። ለመለቀቅም ከቤተሰብ ገንዘብ ይጠየቃል። የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከእነዚህ ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ ወታደሮች ከተሰጡት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በምያንማር ብቻ ቢያንስ 120,000 ሰዎች በእንዲህ ያለ ሁኔታ ተይዘው ሊሆን እንደሚችል ገልጿል።

ከእነዚህ ወገኖች ብዙዎቹ ትምህርት የቀሰሙ ናቸው። ስለዚህ መታለልን የሞኝነት ምልክት አድርገን አንቁጠረው። አታላዩ የሚጠቀምበት የሰውን ችግርና ተስፋ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ማለት ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ ነው። ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ደግሞ የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ጉዞውን፣ የሥራ ፈቃዱንና የመድኑን ወጪ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ እንደ ጤና ምርመራና እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ያሉትን ነው። የተባበሩት መንግሥታትም በማናቸውም የቅጥር ደረጃ ከአመልካች ክፍያ እንደማይቀበል በይፋ ያስታውቃል። እንግዲህ «አስቀድመህ ክፈልና እንቀጥርሃለን» የሚል ሁሉ በዚህ አንድ ቃል ራሱን አጋልጧል።

ከመላክ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1ኛ/ ማስታወቂያው በድርጅቱ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል? በማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ከሌላ በተገኘ አድራሻ ደውሎ መጠየቅ ይገባል።

2ኛ/ መሥሪያ ቤቱ የት ነው? በእግር ሄዶ የሚያየው ሰው በዚያ ከተማ ይኖራል? አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ያለ አንድ ዘመድ በግማሽ ቀን ሊያረጋግጠው ይችላል።

3ኛ/ ሥራው ውጭ አገር ከሆነ ላኪው ኤጀንሲ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ አለው? ኢትዮጵያ ከዚያ አገር ጋር የሥራ ስምምነት አላት? በጎብኚ ቪዛ ሂድና እዚያ ይስተካከላል የሚል ሰው አደገኛ ነው።

4ኛ/ የተጠየቀው ምንድን ነው? የምስጢር ቁጥር ወይም በስልክ መልእክት የሚደርስ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይሰጥም። የፋይዳ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ቅጂም ማንነቱ ላልተረጋገጠ ሰው አይላክም።

ገንዘቡ ተልኮ ከሆነስ? ሳይውል ሳያድር ለባንኩ ወይም ለቴሌብር ማሳወቅ፣ የክፍያውን ደረሰኝና የተጻጻፉትን መልእክት ሳያጠፉ ይዞ ወደ ፖሊስ መሄድ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ሁልጊዜ ይመለሳል ማለት አይቻልም፤ በቶሎ የተነገረ ግን የመታገድ ዕድሉ የተሻለ ነው። «የጠፋብህን ላስመልስልህ» ብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ሦስተኛ ሰው ቢመጣ እርሱም ከአታላዮቹ ወገን ነው።

የእናንተ ድርሻ

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በከተማ ወይም በውጭ አገር ስለምትኖሩ፣ ለጉዞና ለምዝገባ የሚሆን ብር እንድትልኩ ከቤተሰብ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ብሩን ከመላካችሁ በፊት ማስታወቂያውን ላኩልኝ በሉ፤ አብራችሁም መርምሩት። ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ ተታልለው ብታገኟቸው አትቆጧቸው። ያፈረ ሰው ዝም ይላል፤ እርሱ ዝም ሲል ያው አታላይ ወደ ጎረቤቱ ልጅ ይሻገራል። በዱመርሶ ለአንድ «ምዝገባ» የሚላከው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የአንድ ቤተሰብ የቡና ዋጋ ወይም ከዘመድ የተወሰደ ብድር ነው። አንድ ስልክ ደውሎ ማጣራት ይህን ሁሉ ሊያተርፍ ይችላል።